ሦስተኛዋ ምስክር

ኅዳር 6

ለአሰልጣኙ፣

ደህና ነኝ። አንተም ደህና ነኝ ብለሃል። መግቢያው ላይ ብለሃል፣ መሀል ላይ ብለሃል፣ ከፊርማህ በላይ ደግሞ ሰርዘህ መልሰህ ጽፈኸዋል። ደህና የሆነ ሰው አንዴ ብሎ ይተወዋል።

ውክልናውን አልልክም። ተቆጥቼ አይደለም፤ ጠየቅከኝ፣ መለስኩልህ። ቤቱ በሁለታችን ስም ነው፣ ክሱም በሁለታችን ስም ይሁን። የሚፈረመውን ወረቀት ሁሉ ላክልኝና በገዛ እጄ ልፈርም። ፖስታ ይዘገያል ብለሃል። ይዘግይ። «ጊዜው ሊያልፍብን ነው» ያልከው ግን አስደንግጦኛል። የሚቆጠረው ጋሽ ብሎኬት ግንቡን ካቆመበት ቀን ነው ወይስ እኛ ካየንበት? የክስ ጸሐፊውን ጠይቅልኝ። አንተ ያየህበትና እኔ የሰማሁበት ቀን አንድ አይደለምና።

ጎረቤታችንን ጋሽ ብሎኬት ስንለው ቀልድ ነበር። ግቢው ውስጥ ብሎኬት ሲያመርት ስለሚውል። ስሙን ያወጣነው እኛ፣ መተላለፊያችንን በብሎኬት ዘግቶ ያጸደቀው እሱ።

ሳስበው የሚመጣብኝ ግንቡ አይደለም። የጎኑ በር ነው። ገፋ ሲያደርጉት ብሎኬት ነክቶ የሚመለሰው በር። እዚህ ከምሠራበት ሆቴል ምድር ቤት፣ ቧንቧዎቹ ከራሴ በላይ እየተንጎራጎሩ፣ ሰው ተኝቶበት የቀደደውን አንሶላ ስጠግን የምውለው ለዚያ በር ነው። ስመለስ የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አቆማለሁ። በሩን ወደ መንገዱ እከፍታለሁ። ደንበኛ ሳሎናችንን ሳይረግጥ ገብቶ ሳሎናችንን ሳይረግጥ ይወጣል። በሩ ካልተከፈተ ምን ልሆን እመጣለሁ? ሳሎን ቁጭ ብዬ የመንጃ ተማሪዎችህ ደጃፍ ላይ ሞተር ሲያጠፉ ልስማ?

ካውያ የምላት (አብራኝ የምትኖረው፣ ከልብስ መተኮሻው ክፍል የምትሠራው፣ ነግሬሃለሁ) ውክልና ጠየቀኝ ስላት፣ «ባል ውክልና የጠየቀ እንደሆነ ወይ ቤት ሊሸጥ ነው ወይ ልቡን ሸጧል» አለችኝ። ሳቅኩ። በኋላ ሳቁ አለቀና ነገሩ ቀረ።

ባለፈው የጠየቅኩህን አልመለስክም። ያችን የቀድሞዋን ሴትዮ ታያታለህ ወይ ነበር ያልኩህ። አንተ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዝናቡ ጻፍክልኝ።

ያንተዋ

——

ኅዳር 17

ለእሜቴ፣

ይቅርታ፣ ስለ ዝናቡ አብዝቻለሁ። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ተማሪ ማሰልጠን መከራ ስለነበረ ነው። አንዷማ ወደ ኋላ ሂጂ ስላት ከመኪናው ወርዳ በእግሯ ሄደች።

ጊዜው የሚቆጠረው ግንቡ ከቆመበት ቀን ነው። ስለዚህ ክሱ ጥር ሳያልቅ መዝገብ ቤት መግባት አለበት። የክስ ጸሐፊው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከጃንጥላው ሥር። ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ልነግራቸው ስጀምር፣ «ልጄ፣ ንዴትህን ለባለቤትህ ጻፍላት። እኔ የምጽፈው ከየት እስከ የት ብቻ ነው» አሉኝ።

ችግሩም እሱ ላይ ነው። የይዞታ ወረቀታችን ወሰኑን «እስከ ቆመው የውኃ ቧንቧ» ይላል። ቧንቧው የለም። ጋሽ ብሎኬት ግንቡን ሲያቆም ነቅሎታል፤ አሁን ደግሞ ቧንቧው ከናንተ ግድግዳ ተጣብቆ ነበር፣ መተላለፊያው ድሮም የኔ ነው ይላል። ከመተላለፊያው ማዶ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ከሳሽ ነኝ፣ የከሳሽ አፍ አይቆጠርም።

ስለዚህ ፎቶ። ሳሎን የተሰቀለው፣ በጎኑ በር ፊት የቆምኩበት። በሱ ግማሽ ላይ ቧንቧው አይታይም፣ ተቆርጦ በሄደው በወዲያኛው ላይ ነው። ግማሹ ተገኝቷል። የሁለቱን አንድ ላይ ኮፒ ልኬልሻለሁ፣ ከክሱ ረቂቅና ከማስረጃው ዝርዝር ጋር። እየፈረምሽ መልሺልኝ።

ስለ ጠየቅሽኝ፦ ከተማው ትንሽ ነው። ሰው ሰውን ያያል።

እኔ ደህና ነኝ።

——

ኅዳር 28

ተገኝቷል።

ይህን ቃል ይዤው ሰነበትኩ። ማን አገኘው? ነገር ራሱን አያገኝም። መርፌ ሲጠፋብኝ አጎንብሼ ካልፈለግኩ ተገኝቷል የሚባል ነገር የለም።

አንተው ነህ የነገርከኝ፣ ገና ስንተዋወቅ፣ እያሳቅከኝ። ከቀድሞዋ ሚስትህ ጋር ስትለያዩ ሁሉን እኩል ተካፈላችሁ። ወንበር ለወንበር፣ ትራስ ለትራስ፣ ፎቶውን እንኳ በመቀስ። ቧንቧው ለሷ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማን ቧንቧ ያያል።

ያንተን ግማሽ እኔ ነኝ ስወለውለው የኖርኩት። ግራ እጅህ አንጓው ላይ ያልቃል። እዚያ ጋ መስታወቱን ሳሻሽ እጁ የት እንደደረሰ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ደረሰልኝ። ኮፒው ደብዛዛ ነው፣ ቢሆንም እጅ እጅ ነው። ትከሻዋ ላይ ነው።

እሺ። ፎቶ ነው፣ የድሮ ነው፣ ማስረጃ ነው። ይህን ለራሴ ብዬ ጨርሼ ወደ ምስክሮቹ ዝርዝር አለፍኩ። አንደኛ፣ ውኃ ቆጣሪ አንባቢው። ሁለተኛ፣ የበሩን ብረት የበየደው ሰውዬ። ሦስተኛ፣ እሷ። አድራሻ፦ «ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ፎቁ ሥር ባለው መድኃኒት ቤት፣ በኋላ በኩል ባለው አረንጓዴ በር፣ ደወሉ ስለማይሠራ ይንኳኳ።»

ደወሉ ስለማይሠራ ይንኳኳ!

ፍርድ ቤት ይህን ሁሉ ይጠይቃል? ወይስ ብዕር ስትይዝ እጅህ የለመደውን መንገድ ሄደ? የውኃ ቆጣሪ አንባቢውን አድራሻ አየሁት፤ «በመሥሪያ ቤቱ» ይላል። ሌላ የለውም። ደወልም የለውም።

ከሥሩ ደግሞ፦ «ምስክሯ በቤቱ ስትኖር በጎኑ በር ትወጣና ትገባ እንደነበር፣ ከማዶው ቧንቧ ውኃ ትቀዳ እንደነበር ታስረዳለች።» አነበብኩት። ለካውያ አነበብኩላት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው የባሰ ሆነ። እኔ የምኖርለት በር የሷ መውጫና መግቢያ ነበር። አውቀው ነበር እኮ። ማወቅና በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ማንበብ ለየቅል ነው።

መጨረሻው ላይ ከስሜ በላይ፣ «ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ሁሉ። ምኑን እንደማረጋግጥ ንገረኝና ልፈርም።

——

ታኅሣሥ 5

እሜቴ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። «ተገኝቷል» ማለት አልነበረብኝም። ጠይቄያት ሰጠችኝ።

አረንጓዴው በር የመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ደወሉን የጻፍኩት መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው እንዳይጉላላ ሽማግሌው ዘርዝር ስላሉኝ ነው። የቆጣሪ አንባቢውን ቤት ስለማላውቅ ነው።

አዎ፣ የሷን አውቃለሁ። ለምን እንደምሄድ ስትመጪ እነግርሻለሁ። በደብዳቤ የሚሆን አይደለም። የምታስቢው ግን አይደለም።

ወረቀቶቹን ፈርመሽ ላኪልኝ፣ በናትሽ። ጋሽ ብሎኬት ትናንት በግንቡ ላይ ተጨማሪ ረድፍ ጀመረ። «ምነው ጋሼ፣ ሰማይ ሊደርሱ ነው?» ስለው «አንተ ዝቅ ብለህ ንዳ» አለኝ።

ሰላም ሁኚልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

——

ታኅሣሥ 12

የምታስቢው አይደለም ያልከኝ የማስበውን ስለነገርኩህ ነው? አልነገርኩህም።

ወረቀቶቹን ፈርሜያለሁ። ሦስተኛዋን ሰርዣታለሁ። በማስመሪያ።

——

ታኅሣሥ 20

እሜቴ፣

ስርዝሽን ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ባለቤትህ ናት?»

«አዎ።»

«ልብስ ሰፊ ናት?»

«እንዴት አወቁ?»

«መስመሯ አልተንቀጠቀጠም» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። «ልጄ፣ ፎቶ አፍ የለውም። መቼና የት እንደተነሳ የሚናገርለት ሰው ካጣ የግድግዳ ጌጥ ነው። ያነሳው ሰው በሕይወት አለ?» የለም አልኳቸው። «እንግዲያው ከአንተ ሌላ እዚያ ቆማ የነበረችው ሴትዮ ናት። እሷን ከሰረዝክ ቧንቧውንም ሰርዘኸዋል።» ደግሞም ኮፒው ደብዛዛ ስለሆነ ዋናው ቢያያዝ ይሻላል ይላሉ። ግን ዋናው አንዴ ከገባ ከመዝገቡ ጋር ይቀራል፣ ማስወጣት ትልቅ ደጅ ጥናት ነው። እኔ ኮፒው ይበቃል ባይ ነኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ስትመጪ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ከሆነ ግን አትመጪም።

ክረምት ላይ፣ አንዲት ተማሪዬ መኪናውን ብቻዋን ጥግ ይዛ ያቆመችው ቀን ነበር። በጣም ጎበዝ ናት ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ጎበዝ የሆነችው እኔ ራሴን አዙሮኝ ከጎኗ መሪውን ማየት ስላቃተኝ ነው። ከዚያ ቅርብ ያለው መድኃኒት ቤት የዚያችው የሦስተኛዋ ምስክር ነበር። የራስ ምታት ክኒን ልገዛ ገባሁ። አየችኝና «ተቀመጥ» አለችኝ። ለካችኝ። መልሳ ለካችኝ። ሐኪም ዘንድ የላከችኝ እሷ ናት። ደም ግፊት ነው፤ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ክኒኑን እየወሰድኩ ነው። ልኬቱን በየሳምንቱ እሷ ጋ ነው የምለካው። ቀኑ ሲመሽ የፊቱ በር ስለሚዘጋ በጓዳው በኩል እገባለሁ። ይኸው ነው አረንጓዴው በር።

ፎቶውን ስጠይቃት መሳቢያዋን ከፍታ ከመድኃኒት መግለጫዎቹ ሥር አወጣችው። «ለማስረጃ ከሆነ ውሰደው፣ እጅህንም አብረህ ውሰድ» አለችኝ። ሳቅን። ለሳቁም ይቅርታ።

እንዳታስቢ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ካልፈለግሽ ክሱ ይቅር። ከመንገዱ ማዶ ለስፌቱ ክፍል እፈልግልሻለሁ።

——

ታኅሣሥ 29

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ አንሶላውን ትቼ ጣቴን ሰፋሁ።

ሻይ ጠጣን ብትለኝ፣ አብረን ቆመን የድሮውን አነሳን ብትለኝ፣ ሌላም ብትለኝ፣ እቆጣ ነበር። ቁጣውን አውቀዋለሁ፤ መንገዱን ተመላልሼበታለሁ፣ በዚህ ሁለት ወር ብቻ ስንቴ። ይኼኛውን ግን አላውቀውም። ታመምክና እሷ አወቀች።

ክንድህን ትዘረጋላታለህ። ጨርቁን ትጠመጥምልሃለች። ትነፋዋለች። ዝም በል ትልሃለች፣ ሲለካ አይወራምና፣ ዝም ትላለህ። እኔ ዝም በል ብዬህ ዝም ብለህልኝ ታውቃለህ? ያንን ዝምታ ነው የምቀናበት። እጅህ ትከሻዋ ላይ መሆኑ ድሮ ነው። ዝምታው የዚህ ሳምንት ነው፣ የሚቀጥለውም ሳምንት ነው።

እያንዳንዱን ደብዳቤህን አወጣሁ። «ደህና ነኝ»ዎቹን ፈለግኩ። እሷ ለክታህ ስታበቃ ወደ ቤት ሄደህ ለኔ ደህና ነኝ ትላለህ። እሷ ቁጥሩን ይዛ፣ እኔ ቃሉን።

እንዳታስቢ ብዬ ነው አልክ። ሳላስብ የቀረሁ መሰለህ? ሌት ተቀን አሰብኩ፤ የተሳሳተውን ነው ያሰብኩት። ትክክለኛውን ብትሰጠኝ እሱን አስብ ነበር።

ለካውያ ነገርኳት። «ደም ግፊት ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ቁም ነገር መስሎኝ!» አለችና ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ፤ የተኩሱን ሶኬት ነቅላ መጣች። እናቷ በሱ ነው የሞተችው ለካ። ስንት ጊዜ አብረን ኖረን አታውቅም ነበር፣ ማለቴ አላውቅም ነበር። ሰው የሚደብቀው ለሚወደው ነው አለችኝ። ለሚወደው ከሆነ ለዚያች ሴትዮ ምነው አልደበቀላት? ይህን ሳስብ ትንሽ ቀለል አለኝ። ትንሽ። ከዚያ ደግሞ አልቀለለኝም።

አሁን ስማኝ። ክሱ ይቅር ያልክበትን አንቀጽ አላነበብኩትም፤ እሱንም በማስመሪያ ሰርዤዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ ክፍል አልፈልግም። የኔ በር የጎኑ በር ነው፣ ማንም ወጣበት ማንም ገባበት።

አዲስ የምስክር ዝርዝር ላክልኝ፣ ሦስተኛውን ቦታ ባዶ ትተህ። ፎቶውንም ላክ። ዋናውን፣ ሁለቱንም ግማሽ። ኮፒ አልፈልግም። ዋናው ይያያዝ።

ልኬቱንም ጻፍልኝ። ቁጥሩን። ደህና ነኝ የምትል ቃል ብታስገባ ፖስታውን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።

——

ጥር 7

እሜቴ፣

ሁለቱን ግማሾች በነጭ ወረቀት ላይ አጋጥሜ ለጥፌያቸዋለሁ። አንድ ላይ ሳያቸው ግራ ገባኝ፤ መቀሱ እንዲህ ቀጥ ብሎ መሄዱን አላስታውስም ነበር። ሽማግሌው መጋጠሚያው ላይ እንፈርም ይላሉ፣ ሁለታችንም፣ ወዲያና ወዲህ እንዲነካ አድርገን። ኋላ ጋሽ ብሎኬት «ከሌላ ፎቶ የተቀጠለ ነው» እንዳይል። እኔ ከላይ በኩል ፈርሜያለሁ። የታችኛው ያንቺ ነው።

ዋናው ተመልሶ እንደማይመጣ ነግሬሻለሁ አይደል? ግድግዳው ባዶ ይሆናል ብዬ ነው። እሷም «ሲያልቅ ግማሼን ትመልስልኛለህ» ብላኝ ነበር። ምን ልበላት?

ልኬቱን ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የላይኛው ቁጥር ትንሽ ወርዷል። ደ— አልልም።

——

ጥር 16

ለአሰልጣኙ፣

ቁጥሩን ለካውያ አሳየኋት። የታችኛውም መውረድ አለበት አለች፣ ጨው ተው አለች፣ ከጋሽ ብሎኬት ጋርም አፍ አትካፈት አለች። እኔ ደግሞ እልሃለሁ፦ ሆስፒታል አጠገባችሁ አለ፣ እዚያም ይለካል። መርጠህ ጻፍልኝ። አላዝህም። ግን ጻፍልኝ።

ሁሉም ተፈርሟል። ክሱ፣ ገጽ በገጽ። የይዞታው ወረቀት ኮፒ። የማስረጃው ዝርዝር። ያ «ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለውም። አሁን ምኑን እንደማረጋግጥ አውቃለሁ፣ ደስ ባይለኝም።

ሦስተኛዋን በእጄ ጻፍኳት። ስሟን ከነአባቷ። አረንጓዴውን በር ጻፍኩ። ደወሉን ተውኩት። መልእክተኛው ይደውል ወይ ያንኳኳ፣ ራሱ ይወቀው። ምን እንደምታስረዳም አስተካክዬዋለሁ፤ «ትወጣና ትገባ እንደነበር» የሚለውና ቧንቧው ይበቃታል፤ «በቤቱ ስትኖር» የሚለውን አውጥቼዋለሁ፣ ሽማግሌው የግድ ነው ካሉ ይመልሱት። ለሷም ንገራት፦ ስለ ቧንቧው ስትጠየቅ ትናገር። ስለ ሌላው ከተጠየቀች አልሰማሁም ትበል።

ፎቶውን ሌላው ሰው ሁሉ ወጥቶ ምድር ቤቱ ባዶ እስኪሆን ጠበቅኩ። የመኪናዬን መብራት ዝቅ አድርጌ አየሁት፤ ስፌት የተሳሳተበትን የምፈልግበት መብራት ነው። በመጀመሪያ ጣቶችህን ቆጠርኩ፣ ሁሉም አሉ። ከዚያ እሷን አየኋት። ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፣ ጨፍና ለመሳቅ ትሞክራለች። ቆንጆ ናት። ይህን ለመጻፍ ብዙ ፈጀብኝ። ጫማዋ ግን አልተቀባም።

ከዚያ፣ የምጠላት ነገር ፍለጋ ስዞር፣ ከኋላችሁ ያለውን አየሁ። የጎኑ በር ተከፍቷል። ወደ ውጭ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጫፉ ከመተላለፊያው መሀል አልፎ። መቀሱ መሀሉን ስለሄደበት በሁለቱም ግማሽ የሚታየው ቁራጭ ብረት ብቻ ነበር፤ ሲጋጠም ነው በር የሚሆነው። ጋሽ ብሎኬት እንደሚለው ቧንቧው ከግድግዳችን ተጣብቆ ቢሆን በሩ ቧንቧውን ሳይመታ እንዲህ ሊከፈት አይችልም። ሽማግሌውም አላዩትም፣ አንተም አላየኸውም፣ እሷም ያን ሁሉ ዘመን መሳቢያ ውስጥ ይዛው አላየችውም። በማስረጃው ዝርዝር ላይ ይጨመር። እንዲህ ብለው ይጻፉት፦ «በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይታያል።»

ግማሼን ትመልስልኛለህ ላለችህ፣ መዝገብ ቤት ሄዳ ትጠይቅ በላት። አንተም ብትናፍቅ እዚያው ጠይቅ። ዋናው ይያያዝ ያልኩት ለዳኛው ዓይን ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም አረጋግጣለሁ። በግድግዳው ላይ ምንም አትስቀል። የሚስማሩን ቀዳዳ እኔ ስመጣ አየዋለሁ።

ፈርሜያለሁ። ከፊርማህ በታች፣ ወዲያና ወዲህ እንዲነካ። ረጅም ፊርማ እንዳለኝ ታውቃለህ። የስሜ መጀመሪያ ክንድህ ላይ ነው፣ መጨረሻው ትከሻዋ ላይ፣ መሀሉ ልክ አንጓህ ላይ፣ መቀሱ ባለፈበት። እዚያ ጋ ብዕሩ የወረቀቱን ጠርዝ ነክቶ ትንሽ ዘለለ። ሌላው ቀጥ ያለ ነው።

መዝገብ ቤቱ የቀጠሮ ቀን ሲሰጥ በዚያው ዕለት ጻፍልኝ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ እመጣለሁ። ለጊዜው በፊት ለፊቱ በር እገባለሁ።